«ጋስኬቱ ተቀይሯል» ለሚሉ የኤምጂኤፍ ሻጮች

ኤምጂኤፍ የተባለውን ባለ ሁለት ወንበር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የሚሸጥ ሁሉ አንድ ንግግር አለው፦ «የቴስታታ ጋስኬቱ ተቀይሯል፣ ሐሳብ አይግባህ»። እኔን ደግሞ ሐሳብ የሚያስገባኝ ይኸው ነው። ጋስኬቱ ማለት በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚገጠመው ክዳን፣ በቴስታታው፣ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። በምን ዓይነት ጋስኬት ተቀየረ? ቴስታታው ወርዶ ሳለ ክራንኩን (ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) ያዞረ ሰው አለ? ውሃ ሲሞላ አየሩ በየት በየት ወጣ?

ቀደም ያለው የኤምጂ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ (ቢ) እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ ውስጥ አቢንግደን ተሠራ፣ ኤምጂኤፍ (ኤፍ) ደግሞ በ1995 ከሎንግብሪጅ ፋብሪካ ወጣ። የሞተራቸው መጠን 1798 እና 1796 ሲሲ ነው፤ ጉልበታቸው 95 እና 118 ፈረስ። ሁለቱንም ለወራት እያፈራረቁ ሲነዷቸው ግን የሚለያያቸው ውሃው ነው።

ቢ ላይ ራዲያተሩ ሞተሩ ፊት ተቀምጧል። ኤፍ ላይ ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ፣ ራዲያተሩ አፍንጫው ላይ ስለሆነ ውሃው ከወለሉ ሥር በተዘረጉ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ይመላለሳል። ሞተሩ ራሱ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፤ ቴርሞስታቱም ያለው ውሃ በሚገባበት በኩል ነው። ሲከፈት ከፊት የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ አሉሚኒየም ላይ ይደፋል። የቀድሞዎቹ ፕላስቲክ ፒኖች ቴስታታውን አጥብቀው ስለማይዙት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የጋስኬቱ ጎማ መስመርም ይላጣል። ብዙ ጊዜ የጋስኬቱን ብልሽት የሚጀምረው ከኢንቴክ ማኒፎልድ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነው። የሙቀት መለኪያውን አትመኑት፤ ውሃው ካለቀ የሚለካው እንፋሎት ነው።

በደንብ የተሠራ ሥራ ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጋስኬት፣ የብረት ፒኖችና ቡሎኖቹ ከታች የሚታሰሩበት የተጠናከረ ሐዲድ አለው። 10ሩ ቡሎኖች በተራቸው መጀመሪያ በ20 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ 180 ዲግሪ፣ እንደገና 180 ዲግሪ ይጠብቃሉ። ቴስታታው ወርዶ ሳለ ሊነሮቹን (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸውን ቱቦዎች) ከላይ የሚጫናቸው ነገር የለም። ያኔ ክራንኩ ከዞረ ፒስተኑ ይዟቸው ይነሳል፣ የግርጌያቸው ማሸጊያ ይለቃል፣ ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሊነሮቹ መጀመሪያ በማሰሪያ ይያዛሉ። ሊነሮቹ ከብሎኩ ፊት በጥቂቱ ከፍ ማለት አለባቸው፤ ከሰመጡ የትኛውም ጋስኬት አያድናቸውም። ታይሚንግ ቤልቱ መውለቁ ስለማይቀር እሱንም፣ እሱ የሚያዞረውን የውሃ ፓምፕም አብሮ መቀየር ነው። ውሃ ሲሞላ አየር የሚወጣው በሦስት ቦታ ነው፦ ራዲያተሩ አናት ላይ፣ የማሞቂያው ቱቦ ላይና ሞተሩ ጋ። አንዱን መዝለል ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

«ታዲያ ቢ አትገዛም? ሁሉ ነገሩ ቀላል ነው» የሚለኝም አይጠፋም። የመካኒኩ ሥራ እውነትም ቀላል ነው። የኤስዩ ካርቡራተሩን ፒስተን በጣት አንስቶ መልቀቅ ነው፤ ቸክ ብሎ ካረፈ ደህና ነው። የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ኪንግፒን በየ3,000 ማይሉ ግሪስ ይፈልጋል። ላሜራው ግን ሌላ ጉድ ነው። ከበሩ ሥር ያለው ክፍል የመኪናውን አካል የሚሸከም ነው፤ ላዩ እያብለጨለጨ ውስጡ ዝገት ይበላዋል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ አልይዝ ካለ ስቱኮ ነው። በክሪክ አንሱትና በሩን ክፈቱ ዝጉት፤ ካነቀ ተዉት። ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲያወራ እኔ የማየው ከታች ነው።

ለመንዳት ኤፍ ይሻለኛል። ሃይድራጋሱ (በፈሳሽና በጋዝ የሚሠራው ሞላ) ጉድጓዱን ይውጠዋል፣ የቢ የኋላ ባሌስትራ ግን ወገብ ላይ ያደርሰዋል። ኤፍን አልሸጥም። ሌላ ኤፍ የሚሸጥልኝ ሰው ግን ደረሰኙን ያምጣ፤ የጋስኬቱ ዓይነትና የብረት ፒኖቹ ካልተጻፉበት፣ ጋስኬቱ እንዳልተቀየረ ቆጥሬ ነው ዋጋ የምከራከረው።