የፈሳሽ ምርመራን በትክክል ለሚሠሩልን አዋላጅ ነርስና የላብራቶሪ ባለሙያ

በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የሚሠሩትን አዋላጅ ነርስና የላብራቶሪ ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን። በጤና ሙያ ያለን ሰዎች ስለሆንን የሥራቸው ጥራት ይገባናል። ከብልቴ የሚወጣው ፈሳሽ በዛብኝ፣ ሽታ አለው፣ ያሳክከኛል ብላ ለምትመጣ ሴት በብዙ ቦታ ምልክቷ ብቻ ተጠይቆ መድኃኒት ይታዘዛል። እነሱ መርምረው ነው የሚያክሙት።

ነርሷ ናሙናውን የሚወስዱት ከብልት የጎን ግድግዳ ነው። ከማህፀን ጫፍ ቢወስዱ የዚያ ንፍጥ አሲድነት ስለሌለው የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ወረቀቱ ይሳሳታል፤ ፒኤች ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። በወሊድ ዕድሜ ላለች ሴት ጤናማው ልክ ከ3.8 እስከ 4.5 ነው። አሲዱን የሚሠሩት ላክቶባሲለስ የተባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በግድግዳው ሴሎች ውስጥ የሚያስከማቸውን ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፣ ሌላው ጀርም በዚያ አሲድ ውስጥ መራባት ይከብደዋል። ቁጥሩ ከ4.5 ሲያልፍ እነዚህ ጠባቂ ባክቴሪያዎች ሳስተው ሊሆን ይችላል።

የላብራቶሪው ባለሙያ ናሙናውን በአንድ ጠብታ ሳላይን (የጨው ውሃ) ለውሰው ወዲያው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ቢዘገይ በግንኙነት የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ቀዝቅዞ መዋኘቱን ያቆማል፤ ያኔ ከነጭ የደም ሴል መለየት ያስቸግራል። አሸዋ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፣ ዳር ዳራቸው በባክቴሪያ የተሸፈነ ሴሎች ከታዩና 10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የዓሣ ሽታ ከወጣ፣ ፒኤቹም ከ4.5 ካለፈ፣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ሳስተው ሌሎች ሲበዙ የሚመጣ ችግር) ነው። ካንዲዳ ከሆነ ግን ክር ክር የሚመስል ፈንገስ ይታያል፣ ፒኤቹም ብዙውን ጊዜ አይለወጥም።

ይህ መለየት ትልቅ ነገር ነው! ለቫጂኖሲስ የተለመደው መድኃኒት ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ነው፤ ለካንዲዳ ምንም አይፈይድም። ትሪኮሞናስ ከሆነ ባልም አብሮ መታከም አለበት። ሽታው ጠፋ ብሎ በ3ኛው ቀን ማቆም በሽታውን ሊመልሰው ይችላል።

ነርሷ ሳይሰለቹ የሚመክሩትም ልክ ነው፦ ውስጡ አይታጠብም። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ጠባቂዎቹን ይጎዳል፤ ውጩን በንጹህ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርት ስስ ቆዳውን ያቃጥላል። እርጎ ይበላል እንጂ አይቀባም፤ የእርጎው ባክቴሪያ ከዚያ ቦታ ባክቴሪያ ጋር ዘመድ ቢሆንም አንድ አይደለም።

እህቶች፣ እዚያ ስትሄዱ የወር አበባችሁ ያልመጣበትን ቀን ምረጡ፤ ደም ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በፊት ባሉት 2 ቀናት ከግንኙነት ተቆጠቡ፣ ወደ ውስጥም ምንም አታስገቡ። ያረጠች ወይም የምታጠባ ሴት ኤስትሮጅኗ ስለሚቀንስ ውጤቱ በሌላ መልክ ይነበባል፣ አስቀድማ ትንገራቸው። ነፍሰ ጡር ግን ቀን አትምረጥ፤ ቫጂኖሲስ ካለጊዜው ከመውለድ ጋር ስለሚያያዝ ምልክቱን እንዳየች ትሂድ።