በደሴ በእግር ለሚጓዙ ሰዎች መተግበሪያ፦ ከስልክ ወይስ ከስማርት የእጅ ሰዓት ይጀመር?

ስልኩ ሰፊ ስክሪንና ትልቅ ባትሪ ስላለው ለካርታና ለሳምንታዊ ግራፍ ይመቻል። ኪስ ውስጥ ሆኖ ግን የልብ ምትን አያውቅም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሽቅብ ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣ ሰው እርምጃው ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ ነው። እርምጃ ብቻ የሚቆጥር ስልክ እንዲህ ያለውን ብርቱ ሰው ሰነፍ ብሎ ይመዘግበዋል!

ሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ ከደም ዝውውሩ የልብ ምትን ያነባል። ጂፒኤሱ ሳያቋርጥ ሲሠራ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ጠባብ ገጹም ከሁለት ከሦስት ቁጥር በላይ አይችልም።

ይበልጥ ሜዳማ በሆነችው ኮምቦልቻ ስልኩ ይበቃል። ለደሴ ግን ልኬቱን ለሰዓቱ፣ ትንተናውን ለስልኩ እሰጣለሁ፤ ሰዓት ለሌለው ደግሞ የዳገቱ ከፍታ ከካርታ መረጃ ይሰላለት።