ስድስት ቅዳሜ፣ አንድ ጥራዝ፣ 200 ብር

ሀዋሳ አሮጌ ገበያ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጴንጤ። ሻይ በጠጣን ቁጥር «እናንተ ካቶሊኮች ግን መጽሐፍ ቅዱስ ታነባላችሁ?» ይለኛል። እኔም ወይ እስቃለሁ ወይ እናደዳለሁ።

ለዚህ ነው እምነትን በቃሉ ስለማካፈል በአንድ ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) አዳራሽ ለሚሰጥ የስድስት ቅዳሜ ኮርስ የተመዘገብኩት። ትምህርቱ ነጻ ነው፤ 200 ብሩ ለጥራዙ ነው። ጥራዙ ግን የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ! ገጽ 14 ግማሹ ጥቁር ነው። ስምንት ሰዓት የተባለውም ስምንት ተኩል ይጀመራል፤ ያው እንደ ሁሌው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ግን ብቻውን ብሩን ይመልሳል። ሙሉውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ቆየን፤ ፊልጶስና የህንደኬ ጃንደረባ። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። «ፊልጶስ ያደረገውን በእርሳስ አስምሩ» አሉን። አሰመርን። ሮጠ። ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማ። የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው። ሲለመን ሠረገላው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። «አፉን ከፈተ» የሚለው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ሰውየው ከያዘው ገጽ ጀምሮ። መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው «እናንተስ ስንተኛው ላይ ነው የምትከፍቱት?» አሉ። እኔ? ገና ሳይጠይቁኝ።

1ኛ ጴጥሮስ 3፥15ንም ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር፤ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ እስከሚለው ድረስ። «በየዋህነት» የሚለውን ጭራውን የጨረሰ ሰው አልነበረም።

የተናደድኩት አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። «ጦቢትን አውጡ» ተባለ፤ የኔ መጽሐፍ ቅዱስ ባለ 66 መጻሕፍቱ ነው፣ መጽሐፈ ጦቢት የለበትም። የካቶሊኩ 73 ነው። ኦርቶዶክሷ አማቴ ደግሞ 81 ይላሉ። እዚህ ከተማ በየሻይ ቤቱ የሚጠየቀው እኮ ይሄ ነው! ኮርሱ አስር ደቂቃ ሰጥቶት አለፈ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይገባው ነበር። የምትሄዱ ከሆነ ባለ 73ቱንና እርሳስ ያዙ።

ሰኞ ልብስ ሰፊው ያንኑ ጥያቄ አመጣ። እኔም «አንተስ ዛሬ ምን አነበብክ?» አልኩት። ሲንጀሩን አቁሞ መዝሙር 121ን ነገረኝ፤ ልጁ ታሞበት ሰንብቷል ለካ። ስንት ጊዜ ሻይ ስንጠጣ አላወቅኩም ነበር። ከዚያ እኔም እሑድ ቅዳሴ ላይ የምንሰማቸውን አወራሁለት፤ የመጀመሪያው ንባብ፣ መዝሙሩ፣ መልእክቱ፣ ወንጌሉ። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ምእመናን ሁሉ ቅዱሳት መጻሕፍትን አዘውትረው እንዲያነቡ አጥብቆ እንዳሳሰበ ስነግረው አላመነኝም። ጥራዙን ተውሶ ወሰደ።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጣ። ገጽ 14 ምን እንደሚል ሊጠይቀኝ።