ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ፦ ዊንዶውስ 11 ወይስ ሊኑክስ ሚንት?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላፕቶፕ የሚያገላብጥ ሰው ዋጋውንና ባትሪውን ይጠይቃል። አሁን ግን ከሁለቱ በፊት የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን (ትውልድ) መጠየቅ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ከአይ5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር 6300 ከሆነ 6ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ጭኜበታለሁ» ቢላችሁም ቁጥሩን እዩ። መስፈርቱን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ዝማኔ ለመስጠት (አፕዴት) ዋስትና አይገባም።

6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ከሆነ እኔ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን እመርጣለሁ። በነፃ ነው፣ ክራክ መፈለግ የለም። ሚንት 22 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ድጋፍ ያገኛል፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለው ዓይነት በ4 ጊጋ ራም ይሠራል። ሜኑው እንደ ዊንዶውስ ከታች በግራ ስለሆነ ለማንም አያደናግርም። ዝማኔ የሚያወርደው እናንተ ስትፈቅዱ ነው፤ ኢንተርኔት በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከማተሚያ ቤት በፍላሽ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስም እዚህ አይነሳም።

የሒሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ግን ምርጫው አልቋል፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። ፎቶሾፕና አውቶካድም ለሊኑክስ አልተሠሩም። በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ መታገል ይቻል ይሆናል፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ግን አይሞከርም። 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ፈልጉ፣ ጨምራችሁም ቢሆን።

አማርኛ ጽሕፈት መሐል ላይ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ለሊኑክስ አልተሠራም። ኪማን የተባለው ሌላ መጻፊያ ግን አለ፤ እንደ ቴሌግራም ያለ ቦታ ለመጻፍ፣ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ይበቃል። ችግሩ የቆየው ፋይል ነው፦ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች (ፎንቶች) የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኒያላ በተባለው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፈው ይነበባል፤ ሚንት ላይ ግን ኒያላ ስለሌለ፣ በወርድ ምትክ በሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካና ገጹ ይዛነፋል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ለሚከፍት ዊንዶውስ፣ ለተማሪ ሚንት።

ጠጋኝ ማግኘት ላይ ዊንዶውስ ይበልጣል። የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው ስታትካውንተር መሠረት ሊኑክስ በዴስክቶፕ 4 በመቶ የደረሰው ገና በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚራ ያለው ባለሙያ ስለሱ ብዙ ባያውቅ አይፈረድበትም።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትሹ። ማራገቢያውንም ስሙ፤ የድሬ ሙቀት ለደከመ ማራገቢያ አይመለስም። ከዚያ በዋጋው ስትከራከሩ «ይሄ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም» በሉት፤ የሚቀንስላችሁን ብር ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) ግዙበት።