ከኳድ ባይክ ሶኬት ወይስ ከባትሪው በቀጥታ?

በኳድ ባይክ (ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል) ላይ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለማሠራት አንዱ መንገድ በባለ 12 ቮልት ሶኬቱ መሰካት፣ ሌላው ከባትሪው የራስን መስመር መዘርጋት ነው። ሶኬቱ ለስልክ ቻርጀርና ለጂፒኤስ ይበቃል፤ ሆኖም ፊውዙ ባለ 10 አምፔር ከሆነ አቅሙ 120 ዋት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ሲሰካበት ፊውዙ ሊቃጠል ይችላል። በምትኩ ትልቅ ፊውዝ ማስገባት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦው ከአቅሙ በላይ እንዲሸከም ስለሚያደርግ እሳት መጋበዝ ነው። ከባትሪው የሚነሣው መስመር ወፍራም ሽቦ፣ ለባትሪው ቀርቦ የሚቀመጥ ፊውዝ፣ እንዲሁም ቁልፉ ሲዘጋ መስመሩን የሚያቋርጥ ሪሌ ይፈልጋል፤ ሪሌው ከቀረና መብራቱ ሳይጠፋ ካደረ ጠዋት ሞተሩ ላይነሣ ይችላል። አድካሚ ቢሆንም፣ ለሚሞቅ የመሪ እጀታና ለተጨማሪ መብራት እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ) ግን ከነጭራሹ በሶኬት አይታሰብም።