ኮቦቱልቦክስ ለትንሽ ድርጅት ይሆናል?

ኮቦቱልቦክስ (ባጭሩ ኮቦ) በስልክ መጠይቅ እየሞሉ መረጃ የሚሰበስቡበት መሣሪያ ነው። እኔ የምሠራው በገጠር ውሃ ላይ በተሰማራ አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነው። መስክ ወጥተን ቦኖና የእጅ ፓምፕ እናያለን፤ የሚሠራውንም የቆመውንም እንመዘግባለን። ድሮ በወረቀት ነበር። ከዚያ ብር ወጥቶበት የራሳችን ሲስተም ተሠራ። ውሉ ሲያልቅ የሠሩልን ሰዎች ስልክ ማንሳት አቆሙ፣ የገዛ መረጃችንን እንኳ ማውጣት አቅቶን ቀረን። እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ነገ ብንለያይ መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ?

ኮቦ ላይ ይቻላል። የሰበሰባችሁትን መልስ ሁሉ በኤክሴል፣ ፎቶውን ደግሞ ለብቻው ታወርዳላችሁ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ማንም ሊያየውና ሊጠቀምበት ይችላል። የስልክ አፑ የተሠራው ኦዲኬ በሚባል ሌላ ክፍት ፕሮጀክት ላይ ስለሆነ በኤክሴል ያዘጋጃችሁት ፎርም እዚያም ያገለግላል። ሌላ ባለሙያ ሳትቀጥሩ ኤክሴል የሚችል ሰው መጠይቁን ሊያስተካክለው መቻሉ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ውስጥ ይሠራል፣ ከተማ ስትመለሱ ይልካል። አዲስ ስልክም አልገዛንም፣ ቢሮ የነበሩት አንድሮይዶች በቂ ናቸው። አንድ ፎርም ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይገባል።

በጣም የወደድኩት ግን የቀኑ ነገር ነው። "ፓምፑ ከመቼ ጀምሮ ቆመ?" ስትሉ ሰው የሚመልሰው "ከጥምቀት ወዲህ" ወይም "የካቲት መግቢያ ላይ" ብሎ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ያንን በጭንቅላቱ ወደ ፈረንጅ ቀን ሲለውጥ ይሳሳት ነበር፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ይባስ። ፎርሙ ላይ በአንዲት ቃል ትዕዛዝ የስልክ አፑ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ያሳያል፤ ሲያስቀምጥ ራሱ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሮ ያስቀምጣል። ይህንን ብዙ ድርጅቶች አያውቁትም!

አሁን መሣሪያው ብቻውን የማይፈታው ነገር። መጀመሪያ ላይ መረጃው ከስልክ ወደ ሰርቨር፣ ከሰርቨር ወደ ለጋሽ ሪፖርት ይሄድ ነበር። ጥያቄውን የመለሱልን የውሃ ኮሚቴዎች ምንም አይደርሳቸውም። በሁለተኛው ዙር ሰዎቹ ሰለቹን፤ መልሱም ግልብ ሆነ፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ የቆሙትን ፓምፖች ዝርዝር አትመን ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና ለኮሚቴዎቹ መስጠት ጀመርን፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ጥያቄዎችም ሰረዝን። ጠጋኙ ዝርዝሩን ይዞ ሲወጣ ካዩ በኋላ ኮሚቴዎቹ ራሳቸው እየደወሉ "ይሄኛውም ቆሟል፣ መዝግቡልን" ይሉን ጀመር።

ችግሮችም አሉ። ያልተላከ መረጃ ያለበት ስልክ ከጠፋ መረጃው አብሮ ጠፋ፤ ስለዚህ ማታ ማታ መላክ ግዴታ አድርገናል፣ ፓወር ባንክም ከስልኩ ጋር ይወጣል። አካውንታችን በአንድ ባልደረባ የግል ኢሜይል ተከፍቶ ስለነበር እሷ ሥራ ስትለቅ ተቸገርን፣ አሁን በድርጅቱ ኢሜይል ነው። ነፃው አገልግሎት ደግሞ ገደብ አለው፣ ቦታውን ቶሎ የሚሞላው ፎቶ ነው። የፎቶውን መጠን ፎርሙ ላይ ቀድማችሁ ቀንሱት፤ የተሰበረ እጀታ በትንሽ ፎቶም በደንብ ይታያል።