ወጥ ቤቱን ለቤተሰቡ የተወ ቤት፦ በቤተስዳ የፊሸር ሃውስ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግምገማ

በሲልቨር ስፕሪንግ ከምንኖር የዕድር ጓደኞቼ ጋር፣ በቤተስዳ ሜሪላንድ በዋልተር ሪድ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሕክምና ማዕከል ግቢ ውስጥ ባሉት የፊሸር ሃውስ ማረፊያዎች ለወታደር ቤተሰቦች እራት ማብሰል ከጀመርን አራት ዓመት ሆኖናል። በቤተ ክርስቲያንም በሰርግም የሚያገኙኝ ወገኖች «እንዴት ይገባል? የእኛን ምግብ ይበላሉ ወይ? ለመሆኑ ለአሜሪካ ወታደር ለምን?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ አገልግሎቱ ለሚያርፈው ቤተሰብም ሆነ ለሚያገለግለው ሰው ምን እንደሚመስል ያየሁትን በጽሑፍ ላስቀምጥ ወደድኩ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ እስከ ዛሬ ከተሳተፍኩባቸው የበጎ ፈቃድ ሥራዎች ሁሉ የተረጂውን ክብር በዚህ ልክ የሚጠብቅ አላጋጠመኝም፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ወጥ ቤቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ማንነት። ፊሸር ሃውስ የታመመ ወታደር ወይም የቀድሞ ወታደር ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ቤተሰቡ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ያለ ክፍያ የሚያርፍበት ቤት ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ የወቅቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ ባለቤት ወይዘሮ ፖሊን ትሮስት የሕሙማን ቤተሰቦች ማረፊያ ማጣት ቢያሳስባቸው ጉዳዩን ለኒውዮርኩ የሕንፃ ባለሀብት ለዛክሪ ፊሸር አቀረቡላቸው። ፊሸር በእግራቸው ጉዳት ምክንያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዝመት ያልቻሉ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውና ባለቤታቸው ኤልዛቤት የመጀመሪያውን ቤት እዚሁ ቤተስዳ አሠሩ። ዛሬ በዚህ ግቢ ብቻ አምስት ቤቶች አሉ፤ በአጠቃላይ ደግሞ ከ90 በላይ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ በጀርመን ላንድሽቱልና በእንግሊዝ በርሚንግሃም ይገኛሉ። ፊሸር ሃውስ ፋውንዴሽን የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ቤቱን ሠርቶ ለመንግሥት በስጦታ ያስረክባል፤ የዕለት አስተዳደሩ የሆስፒታሉ ሥራ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መኝታና መታጠቢያ ክፍል ሲኖረው፣ ወጥ ቤቱ፣ የመመገቢያው አዳራሽ፣ ሳሎኑና የልብስ ማጠቢያው የጋራ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤተስዳ የሚለው የከተማዋ ስም የተወሰደው በአካባቢው ከነበረ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ደግሞ መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ከተፈወሰባት የኢየሩሳሌም መጠመቂያ የመጣ ነው። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ሲነበብ ያደገ ሰው፣ የዚያ በሽተኛ ትልቁ ችግር ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ እንደነበር ያስታውሳል። እኔ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስልጥ ይህ ነገር በየጊዜው ትዝ ይለኛል።

የወጥ ቤቱን ነገር በቅርብ ላሳይ። ገና በሁለተኛው ጉብኝታችን፣ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ጥደን፣ እኔ ቀይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ አንዲት እናት ከሆስፒታሉ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። የሆስፒታል ጎብኚ ወረቀት ደረታቸው ላይ እንደተለጠፈ ነበር፤ ከሩቅ ክፍለ ሀገር መምጣታቸውንና ልጃቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑን የነገሩን በኋላ ነው። «ደክመዋል፣ ይቀመጡ፣ እኛ እናቀርብልዎታለን» ብንላቸው ዝም ብለው እጃቸውን ታጠቡና ቢላዋውን ከእጄ ተቀበሉኝ። እጃቸው ሥራ ከፈታ ሦስት ሳምንት እንደሆነ፣ ዶክተሮቹና ነርሶቹ ለልጃቸው ሁሉንም ነገር ሲያደርጉ እርሳቸው ወንበር ላይ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርጉት ነገር እንዳጡ ነገሩን። ያን ዕለት አሥር ራስ ሽንኩርት ከተፉ፤ ቁሌቱ እስኪበስልም ማማሰያውን አልለቀቁም። የሽንኩርቱ ዕንባ ከሌላው ዕንባ ጋር ሲቀላቀል ማንም ምን ሆኑ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለወጥን። አብዛኛውን ነገር ቤታችን አብስለን በፎይል ሸፍነን ማምጣቱን ትተን፣ ቢያንስ አንዱን ወጥ እዚያው ለመሥራት እንመጣለን፤ ሁለት ትርፍ ቢላዋና ሁለት ትርፍ ሽርጥም እንይዛለን። ቤቱ ይህን ስለሚፈቅድ ነው የማደንቀው። ሆቴል ያረፈ ሰው አገልግሎት ይሰጠዋል እንጂ ልጁ የሚወደውን ሾርባ አብስሎ በቴርሞስ ወደ ሆስፒታል መውሰድ አይችልም። እዚህ ግን አንድ አባት ሌሊት ተነሥቶ እንቁላል ሲጠብስ፣ ሁለት የማይተዋወቁ የወታደር ሚስቶች አንድ ምድጃ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ስለ መድኃኒትና ስለ ሐኪም ሲመካከሩ ይታያል። ሰው ሰውን ያገኛል። ይህ ደግሞ ማንም በጎ ፈቃደኛ ከውጭ ሊያመጣው የሚችል ነገር አይደለም።

አገባቡን በተመለከተ፣ ቦታው የጦር ሠፈር በመሆኑ በድንገት ሄዶ በር ማንኳኳት የለም። ከቤቱ ኃላፊዎች ጋር አስቀድሞ ቀን መያዝ፣ የሚመጡትን ሰዎች ስም ዝርዝርና የሚቀርበውን ምግብ ማሳወቅ፣ በዕለቱም በሕግ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ለሐበሻ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በመጀመሪያው ቀጠሯችን ስም ዝርዝሩን የሞላነው እኛው ነበርንና፣ የሁለት እህቶቻችንን የአባት ስም በመታወቂያቸው ላይ ካለው ፊደል ለይተን፣ የአንዷን ደግሞ የአያት ስም ዘለን ጻፍነው፤ ሦስቱም ከነድስታቸው ከበር ተመለሱ። ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን እያንዳንዱ ሰው የመታወቂያውን ፎቶ ልኮልን ፊደል በፊደል ካላመሳከርን ዝርዝሩን አንልክም። በምድር ባቡር ለሚመጣ ሰው ሜዲካል ሴንተር የተባለው የቀይ መስመር ጣቢያ ከግቢው ፊት ለፊት ነው፤ ነገር ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሣ ሰው መሐል ዋሽንግተን ወርዶ እንደገና መውጣት ስለሚኖርበት፣ ድስት የያዘ ሰው በመኪና ቢመጣ ይሻለዋል።

«የእኛን ምግብ ይበላሉ ወይ?» ለሚለው፣ በደንብ ይበላሉ፤ አቀራረቡ ግን ማሰብ ይጠይቃል። አልጫ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና ካሮት በጥቅል ጎመን፣ እንዲሁም በርበሬው የቀለለ የዶሮ ወጥ ሁልጊዜ ያልቃሉ። አዋዜውንና ሚጥሚጣውን ለብቻው በትንሽ ሳህን እናስቀምጣለን። እንጀራውን ጠቅልለን በመቁረጥ ከሩዝ ጋር ጎን ለጎን እናቀርባለን፤ በእጁ መብላት ለከበደው ሰው ሹካ አይጠፋም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የመለያ ወረቀት ነው። እዚህ አገር ገበያ ላይ ያለው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ «ጤፍ ነው፣ ግሉተን የለውም» ብሎ በልማድ መናገር የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የሆነው ግሉተን የማይስማማውን ሰው ይጎዳል፤ ንጹሕ የጤፍ ካልሆነ በግልጽ እንጽፋለን። ቅቤ የገባበትንና ያልገባበትን፣ ኦቾሎኒ የነካውንም እንዲሁ። ከእራት ሰዓት በኋላ ከሆስፒታል የሚመለሱ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ከሚበላው አንድ ሦስተኛውን አስቀድመን በየሰው ልክ በዕቃ ከፋፍለን፣ ቀን ጽፈን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስገባለን። ቡናውን ግን ቤታችን ቆልተን እንሄዳለን። ዕጣንና ጭስ በሕመም ወይም በትዝታ ምክንያት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች በቤቱ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ጀበናዋ ምድጃ ላይ ትጣዳለች፣ ስኒው ይደረደራል፣ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ የሚቀመጥ ሰው ይቀመጣል።

ከሌላ ቦታ ጋር ማነጻጸር ካስፈለገ፣ ከዚህ በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ውስጥ ለወታደር ቤተሰቦች የስጦታ ሣጥን ስንሞላ እንውል ነበር። ሥራው ቀላል፣ ማስታወቂያውም ብዙ ነበር። ነገር ግን አንዲት ባሏ ግዳጅ ላይ ያለች ወጣት እናት፣ ሣጥኑን ለመቀበል ከነልጆቿ ለፎቶግራፍ እንድትቆም ስትጠየቅ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ትንሹ ልጇም ከቀሚሷ ሥር ተሸሸገ። ሣጥኑን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ተመልሳም አልመጣችም። ያ ቀን በጎ ፈቃድ ተቀባዩን ሊያሳንስ እንደሚችል ያስተማረኝ ቀን ነው። በቡድናችን ዛሬ ስልክ ከቦርሳ አይወጣም፤ የቆሰለበትን ቦታና ምክንያት መጠየቅም ክልክል ነው። ደግሞም በቤቱ ያለው ሁሉ የጦር ሜዳ ቁስለኛ ቤተሰብ አይደለም፤ ካንሰር አለ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አለ፣ በልምምድ ላይ የደረሰ አደጋ አለ።

«ለአሜሪካ ወታደር ለምን?» ለሚለው ጥያቄ፣ ቡድናችንን የጀመረችው እህት፣ ሴት ልጇ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ የምታገለግል እናት መሆኗን በማስታወስ ልጀምር። ልጇ በመርከብ ወራት ስታሳልፍ፣ በየምሽቱ ስልኳን ትራስጌዋ አድርጋ የምትተኛው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ በመካከላችን እንዲህ ያሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረውና ማቭኒ በተባለው ልዩ የምልመላ ፕሮግራም ሠራዊቱ ከፈለጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለነበር፣ በዚያ በር የገቡም አሉ። ሁለተኛው ምክንያት ከአገር ቤት የመጣ ነው። ከቡድናችን ትልቋ እናት በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ባላቸው ሲዘምቱ፣ የቀበሌው ገበሬዎች በደቦ ማሳቸውን እንዳረሱላቸው፣ ጎረቤት ሴቶችም በየተራ በሶና ዳቦ ቆሎ እያዘጋጁ ለዘማቹ ስንቅ እንደላኩ ይነግሩናል። «የዘማች ቤት ምድጃ አይጠፋም» የሚሉት በዚያ ትዝታ ነው። ቤተስዳ ያለው ምድጃም ለእርሳቸው ያው ምድጃ ነው፤ የሚነደው ጋዝ ቢሆንም።

ነቀፌታዬ የሚያነጣጥረው እኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ቀን ከሚከበርበት ከኖቬምበር 11 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ገና፣ ሁሉም ቡድን ማገልገል ይፈልጋል፤ የቱርኪ ሥጋና ኬክ ተርፎ ይጣላል። ጃንዋሪ ሲገባና በረዶ ሲጥል ደግሞ አብዛኞቻችን እንጠፋለን። ሕሙማኑ ግን በበዓል አይታመሙም። እኛም በመጀመሪያው ዓመት የሄድነው ለምስጋና ቀንና ለፈረንጆቹ ገና ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት በፌብሩዋሪ ስንሄድ የተደረገልን አቀባበል ልዩነቱን በደንብ አስረዳን። ሌላው ድክመት የሰው ብዛት ነው። አሥራ አምስት ሆነን በሄድንበት ቀን ወጥ ቤቱ ለባለቤቶቹ ጠበበ፤ አንድ አባት ሻይ ለማፍላት ገብተው ቦታ አጥተው ተመለሱ። አሁን ከአምስት አንበልጥም።

ምግብ ማብሰል ለማይመቸው ሰው ሌላ መንገድም አለ። ፋውንዴሽኑ ሰዎች የሚለግሱትን የአውሮፕላን ጉዞ ማይልና የሆቴል ነጥብ ለወታደር ቤተሰቦች ትኬትና ማረፊያ ያውለዋል፤ በተለይ ቤቶቹ ሲሞሉ ወይም በአካባቢው ቤት ከሌለ የሆቴሉ ነጥብ ጠቃሚ ነው። በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ ካርዳችን ላይ የሚጠራቀመው ማይል ሳይሠራ ጊዜው ከሚያልፍ፣ ካለን አየር መንገድ ፕሮግራም ውስጥ ልገሳ የሚፈቅደውን ማየት ይገባል። በድርጅቱ ላይ ያለኝን እምነት ያጠናከረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ያደረገው ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ተቋርጦ ለሞቱ ወታደሮች ቤተሰቦች የሚሰጠው 100,000 ዶላር ሲታገድ፣ ክፍያው በእርሱ በኩል እንዲሸፈን ከመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማማ።

አገልግሎቱን የምመክረው ዝም ብሎ መቀመጥን ለሚችል፣ ቀጠሮ ለሚያከብርና በበረዶ ወር ለመውጣት ለማይሰንፍ ሰው ነው። ሕፃናት ልጆች ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ግን ቢቆይ እላለሁ፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ጤነኛ ልጅ ሲሮጥ ማየት የሚከብደው ቀን ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ ቀጣይ ተራ በፌብሩዋሪ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ አራት ሰዎች ሞልተናል፣ የአንድ ሰው ቦታ ይቀራል፣ የራሱን ቢላዋና ሽርጥ ይዞ ይምጣ።